የቱናው ቁራጭ ያዘመመበት ወገን

ይህን ታሪክ ሳልጽፈው ልቀር ጥቂት ነበር የቀረኝ። ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ቀድጄዋለሁ። መጻሕፍት ስለ ታላላቅ ሰዎችና ስለ ታላላቅ ክህደቶች በሚተርኩበት ዓለም፣ በሦስት ቁራጭ ዓሣ ላይ ስለታየ ክህደት ለመጻፍ መነሣት ለራሴም ድፍረት መሰለኝ። ደግሞስ እንደ እኔ ከባለታሪኳ ቤት በላይ ባለች ክፍል ተከራይቶ መጽሐፍ ላይ የሚያቀረቅር ተማሪ የሰው ልብ ሲሰበር ምን ያህል ያውቃል? ይሁንና ባለታሪኳን ፈቃድ በጠየቅኋት ጊዜ፣ “ጻፈው፤ ግን አታሳምረው” ብላ አሳጠረችልኝ። ላለማሳመር እሞክራለሁ።

በዓሣ ቤቱ ሁሉም “ሚዛን” ይላታል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት አንድ ነገረኛ ደንበኛ ነው። የቆረጠችለትን ዓሣ እየደጋገመ ቢመዝነው ካዘዘው ሳይበልጥም ሳያንስም አገኘውና፣ “እዚህ ቤት ሁለት ሚዛን ካለ አንዱን ለምን አትሸጡትም?” ብሎ እየሳቀ ወጣ፤ ስሙም ተለጥፎባት ቀረ። እሷም አልጠላችውም። ሰፋ ያለ ትከሻ፣ ዝግ ያለ ድምፅ፣ ከማውራት ይልቅ ማዳመጥ የሚቀናው ፊት ያላት ሴት ናት።

ዓሣ ቤቱ አንድ የቆየ ደንብ ነበረው። ትንንሹን ዓሣ ማንም ሠራተኛ ይቆርጠዋል፤ ቱና የሚባለው ግዙፍ የባሕር ዓሣ ግን የሚቆረጠው በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። ቱና ውድ ነው። ውፍረቱ እኩል ሆኖ ካልተቆረጠ እሳት ላይ ሲወጣ ስሱ ጎን ይደርቃል፣ ወፍራሙ ጥሬውን ይቀራል፤ ደንበኛውም በማግስቱ ቅሬታውን ተሸክሞ ይመጣል። ስለዚህ የቱናው ጠረጴዛ የክብር ቦታ ነበር። የቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ “ጋሼ” የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ሌላውን ሁሉ ከሩቅ እየጮኹ ያዛሉ፤ በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ሲያልፉ ግን ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ሚዛን እዚያ የቆመችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። ሽበት ሲጀምራትም እዚያው ነበረች።

የራሷ የሆነ አቆራረጥ ነበራት። ቢላዋውን እንደ መጋዝ አታመላልሰውም፤ አንድ ጊዜ ረጅም አድርጋ ትስበውና ስለቱ ጣውላውን ከመንካቱ በፊት ጫፉን ቀና ታደርገዋለች። ይህም ስለቱ እንዳይዶለዱም ነው። ታዲያ ከቁራጩ ሥር ያልተቆረጠች ቀጭን የሥጋ ክር ትቀራለች፤ እሷን በጣቷ ትበጥሳታለች። ሌሎቹ ቆራጮች “የሰነፍ ሥራ” እያሉ ያሾፉባት ነበር። የእነሱ ቢላዋ በየሰዓቱ ሞረድ ሲፈልግ የእሷ እስከ ማታ ይቆርጣል።

ሚጢጢ የመጣችው ኋላ ነው። ቁመቷ ከጠረጴዛው ብዙም ከፍ ስለማይል ነው እንዲህ የተባለችው፤ ምላሷ ግን ቁመቷን ይክሳል። ችግሯ ሌላ ነበር፤ የምትሠራው በግራ እጇ ነው። ሁሉም ሊያስተምራት ሞክሮ፣ “ይቺን ማስተማር ሸሚዝ ገልብጦ እንደ መልበስ ነው” እያለ ተዋት። ሚዛን ግን አጠገቧ መቆሙን ትታ ከፊት ለፊቷ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመች። “እኔን አትዪ፤ መስታወት ፊት የቆምሽ ይምሰልሽ፤ በመስታወቱ የምታዪውን አድርጊ” አለቻት። ልጅቱም እንደተባለችው አደረገች። አሳሳቡን፣ ጫፉን ቀና ማድረጉን፣ ክሯን በጣት መበጠሱን ሳይቀር፣ ሁሉንም በግራ በኩል ገልብጣ ተማረችው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት እንደ ሚዛን የሚቆርጥ ከሚጢጢ በቀር ሌላ አልነበረም፤ ሚጢጢ ግን የምትቆርጠው ትንንሹን ዓሣ ብቻ ነበር።

እህትማማች ሆኑ። ሚጢጢ “እታለም” ትላታለች፤ የሚዛንን ባል ደግሞ “ወንድምዓለም”። ሰውየው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሌላው ሰው ከሥራ ሲገባ እሱ ወደ ሥራ ይወጣል። “ሚስቴ ዓሣ ትሸታለች፣ እኔ እርሾ እሸታለሁ፤ ጎረቤት የሚቀናው በምናችን እንደሆነ አይገባኝም” ማለት ይወዳል።

ነገሩ የተጀመረው ከእጇ ነው። የሚዛን ቀኝ እጅ ከትንሿ ጣት ጀምሮ ይደነዝዝ ጀመር። አንዳንድ ቀን ጨርሶ አይሰማትም፤ አንዳንድ ቀን ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላታል። አንድ ቀን ደንበኛ ከወጣ በኋላ ቢላዋው ከእጇ አምልጦ ጫማዋ አጠገብ ወደቀ። በክፍሉ ውስጥ የነበረችው ሚጢጢ ብቻ ናት።

“እታለም! ምን ሆንሽ?”

“ምንም። ዝም በይ።”

“እንዴት ምንም? ጣቶችሽ እኮ ነጭ ሆነዋል።”

ሚዛን እውነቱን ነገረቻት። ለባሏ እንኳ ያልነገረችውን ነው የነገረቻት። “ጋሼ ከሰሙ ከጠረጴዛው ያነሡኛል። በእናትሽ፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ።”

“ምን ቆርጦኝ! ከአፌ ከወጣ ይቺን ምላሴን አንቺው በዚያ ቢላዋ ቁረጫት” አለች ሚጢጢ፤ አለችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ሚዛንን ወደ ጎን ጠሯት። ሲያናግሯት ፊቷን ሳይሆን እጇን ነበር የሚያዩት።

“ልጄ፣ ለጊዜው ማዶ ወዳለው ማሸጊያ ቤት ብትሄጂ ምን ይመስልሻል? እጅሽ ትንሽ ይረፍ።”

“እጄ ምን ሆነ ጋሼ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሰው ያወራል። እስከ ወሩ መጨረሻ እናያለን። ከተሻለሽ ትመለሻለሽ።”

“ማነው የሚያወራው?”

“ሰው ነዋ!” አሉና ሄዱ።

ማሸጊያ ቤቱ ከዓሣ ቤቱ መንገድ ተሻግሮ ያለ፣ መስኮት የሌለው ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ለሆቴሎች የሚላከው ዓሣ እዚያ ታጥቦ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በበረዶ ሳጥን ይታሸጋል። ከዚያ ሆኖ የቱናው ጠረጴዛ አይታይም። ሚዛን ቀኑን ሙሉ ላስቲክ ስትጠቀልል ሐሳቧ መንገዱን ተሻግሮ ይውላል፤ በጠረጴዛዬ ላይ ማን ቆሞ ይሆን?

መልሱን ይዛ የምትመጣላት ሚጢጢ ነበረች። “ጋሼ ከውጭ አንድ ሰውዬ አምጥተዋል” አለቻት። “ሱቁ ሳይከፈት ይመጣል፣ ቱናውን ቆራርጦ ይሄዳል፤ ከሰው አይገጥምም። አቆራረጡን ብታዪው እኮ ታለቅሻለሽ! ግን አይዞሽ እታለም፣ እኔ ለጋሼ በየቀኑ እየተናገርኩልሽ ነው። ‘ያለ ሚዛን ይሄ ቤት ቤት አይደለም’ እላቸዋለሁ።”

“ማን ነገራቸው ግን?”

“ከቆራጮቹ አንዱ ይሆናላ። እነሱ መቼ ይወዱሻል?”

ሚዛንም ቆራጮቹን በየተራ ጠረጠረቻቸው። ሰላምታቸውን በግማሽ አፍ መመለስ ጀመረች። አንደኛው፣ “ምን በደልኳት?” ብሎ ባሏን እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር።

የወሩ መጨረሻ በተቃረበበት ሰሞን፣ አንድ አርብ ምሽት፣ ሚጢጢ የሚዛንን ቤት በር በክርኗ ደበደበችው።

“እታለም! ክፈችልኝ እንጂ፤ እጄ ሞልቷል!”

“ይቺ ልጅ ድምፅዋ ነው ያስረዘማት” አለ ባል፣ ከአልጋው ሥር ካልሲውን እየፈለገ።

“ወንድምዓለም፣ ሰምቼሃለሁ!”

“እንድትሰሚኝ ነዋ። ካልሲዬን ካገኘሽ ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

ሚጢጢ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ለሚዛን አስጨበጠቻት። “ቱና ነው። ዛሬ የገባ። ጋሼ ለሠራተኛ በቅናሽ ሰጡን። ለቸኮለ ሰው ከዚህ የሚሻል ራት የለም፤ ይኼ ሰውዬ ሳይረፍድበት በልቶ ይውጣ።”

“ማን ቆረጠው?”

“ያው ሰውዬው ነዋ” አለች ሚጢጢ ወደ ወንበሩ እየሄደች። “ክፉ ሥራውን እሳት ይሸፍነዋል ብዬ ነው ያመጣሁት።”

ሚዛን ሳቀች። ወረቀቱን ፈትታ፣ ዓሣውን በውል ሳታየው ለመዘፍዘፊያው ተጣደፈች። በጎድጓዳ ሳህን ሶያ ሶስና ዘይት ቀላቀለች፤ ነጭ ሽንኩርት ደቁሳ፣ ዝንጅብል ፍቃ፣ ቁንዶ በርበሬ ነስንሳ፣ ጨውነቱን የሚሰብር ጥቂት ማር ጠብ አደረገችበት። ሦስቱን ቁራጮች ነክራ ገለበጠቻቸው። ሎሚውን ግን ለብቻው አቆየችው። ሎሚ ቀድሞ ከገባ ሥጋውን ከእሳት በፊት ያበስለዋል፤ ዳሩ ይነጣል፣ ይጠነክራል። ስለዚህ መጥበሻው ሊግል ሲል ብቻ ነው የምትጨምቀው።

ቱናው ቅመሙን እስኪጠጣ ባልየው ዳቦ ቆራረጠ፣ ሚጢጢ ደግሞ ሰላጣ አጠበች። ስታጥብም ታወራለች። “ዛሬ ጋሼን አፋጥጬ ያዝኳቸው። ‘እስከ መቼ ነው ላስቲክ የሚያስጠቀልሏት?’ አልኳቸው። መልስ አጡ እኮ!”

“እግዜር ይስጥሽ” አለች ሚዛን። “አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?”

መጥበሻውን እሳት ላይ ጥዳ ሎሚውን ጨመቀች። ከዚያም ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያወጣች በሶፍት ታደርቃቸው ጀመር፤ እርጥብ ቱና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ቀኝ እጇ እንደ ልማዱ ደንዝዞ ነበር። የምታደርቀው በግራዋ ነው፤ ደህና ሆኖ የሚሰማትም እሱ ነው። የመጀመሪያውን ቁራጭ ሥር ስትዳስስ ጣቷ ቀጭን ነገር ነካ። ክር። ተበጥሳ የቀረች የሥጋ ክር።

በድንጋጤ ሁለተኛውን አነሣች። እሱም አለው። ሦስተኛውም።

ወደ መብራቱ ተጠግታ አየቻቸው። በዚያ ዓሣ ቤት የቱና ሥጋ ጠረጴዛው ላይ የሚተኛው ሁልጊዜ ጠቆር ያለው ጠርዙ ወደ ቆራጩ ዞሮ ነው። እሷም ጠቆር ያለውን ወደ ራሷ አዙራ ሳህኑ ላይ አቆመቻቸው። የማንም ቆራጭ ቁራጭ በጥቂቱ ያዘማል፤ የእሷ ሲያዘም ወደ ግራ ነው። እነዚህ ሦስቱ ግን አንድ ዓይነት፣ ንጹሕ፣ ሳያመላልሱ የተሳቡ ሆነው ወደ ቀኝ አዘምመዋል። ከውጭ የመጣ ሰው ግራኝ ሊሆን ይችላል። ከውጭ የመጣ ሰው ግን ክር አይተውም። የራሷን እጅ፣ በመስታወት ተገልብጦ፣ በራሷ ሳህን ላይ አየችው።

ጠረጴዛዬ ላይ የቆመችው ሚጢጢ ናት። ሰውዬ የሚባል የለም። ሰውዬ ከሌለ ደግሞ፣ ስለ እጄ የሚያውቀው ማን ነበር? ሌላ ማንም አልነበረም።

“እታለም፣ መጥበሻው ጨሰ!” አለች ሚጢጢ ከኋላዋ።

“አየሁት።”

ቁራጮቹን አስቀመጠቻቸው፤ ተንጫጩ። አንዱ ወገን ጠየም ብሎ ቅርፊት እስኪያበጅ ብቻ ጠብቃ ገለበጠቻቸው፤ ሌላውም ወገን እንዲሁ ሲሆን አወጣቻቸው። መካከላቸው እንደ ጽጌረዳ ቀላ ብሎ ቀረ። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ ልብ ቢኖረውም ባይኖረውም ይሠራል። በኋላ ስትነግረኝ፣ “የገረመኝ አለማረሩ ነው” ነበር ያለችው።

ሦስቱም ተቀመጡ። ባልየው በጥድፊያ ጎረሰ። ሚጢጢ ዐይኗን ጨፍና፣ “ውይ! የሰውዬውን ኃጢአት አስተሰረይሽለት!” አለች።

“ይሄ ሰውዬ...” አለች ሚዛን።

“እ?”

“ግራኝ ነው እንዴ?”

የሚጢጢ ሹካ አየር ላይ ቆመ። “እኔ ምን አውቃለሁ? አላስተዋልኩትም።”

“ዓሣ ቆራጭ ሆነሽ የቆራጭ እጅ አላስተዋልሽም?”

“ግራኝ ቢሆን ምን አለበት?” አለ ባልየው አፉ እንደሞላ። “ሆዴ ግራና ቀኝ አይለ...” የሚስቱን ፊት አየና ማኘኩን ተወ።

ሚዛን ያልነካችውን የራሷን ቁራጭ በሹካ ገልብጣ ከሥሩ ያለችውን፣ እሳት ያደረቃትን ክር አሳየች። “ይቺንስ ማን አስተማረው?”

ሚጢጢ አየቻት። ሹካዋን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

“እታለም...”

“እታለም አትበዪኝ።”

“ጋሼ ራሳቸው ናቸው የጠየቁኝ። ‘ሚዛን ምን ሆናለች፣ ቀዝቀዝ ብላለች’ አሉኝ። እሳቸውን መዋሸት አልቻልኩም።”

“እኔን ግን ቻልሽ።”

“ላንቺው ብዬ ነው! ጣትሽን ብትቆርጪስ?”

“ለእኔ ብለሽ ቢሆን ለእኔ ትነግሪኝ ነበር። ‘ይብቃሽ’ ትዪኝ ነበር። ሰውዬ ፈጥረሽ፣ ጸባዩን ፈጥረሽ፣ ክፉ አቆራረጡን ሳይቀር ፈጥረሽ እኔን ታስቂኝ ነበር?”

“ሌላ ባዕድ ከሚወስደው እኔ ብይዝልሽ ብዬ ነው። ስትመለሺ ልለቅልሽ።” ሚጢጢ ማልቀስ ጀመረች። “መንገሩ ነው ያቃተኝ። በጀመርኩ ቁጥር ‘እግዜር ይስጥሽ’ ትዪኛለሽ።”

ሚዛን ሳህኗን ከፊቷ ገፋች። ይበልጥ ያቃጠላት ቦታው አልነበረም። በየምሽቱ እየመጣች ስታጽናናት የነበረችው፣ ያቆሰለቻት ራሷ መሆኗ ነው። ደግሞ እነዚያን ምስኪን ቆራጮች! ሰላምታ ስትነፍጋቸው የከረመችው በማን ምክር ነው?

ባልየው ኮቱን ይዞ ቆመ። “ልሂድ ወይስ ልቆይ?”

“ሂድ። ሊጡ ምን አደረገ?”

ሄደ። ሚጢጢም ሳህኗን ሳትጨርስ ተከትላው ወጣች። ሚዛን እስከ በሩ አልሸኘቻትም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ሚዛን መንገዱን ወደ ማሸጊያ ቤቱ አልተሻገረችም። በቀጥታ ወደ ዓሣ ቤቱ ገባች። ቱናው ተጋድሟል፤ ሚጢጢ ነጭ ሽርጥ ለብሳ፣ ከእግሯ ሥር ሳጥን ደርባ ቆማለች። ጋሼ ብርጭቆ ሻይ ይዘዋል። ቆራጮቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ።

“ጋሼ፣ ልቁረጥ” አለች ሚዛን።

ሽማግሌው ሁለቱንም አዩ። “እጅሽስ?”

“ይዩታ።”

ሚጢጢ ከሳጥኑ ወርዳ ቢላዋውን በእጀታው በኩል አቀበለቻት። ሚዛን ተቀበለችውና ሳበች። የመጀመሪያው ቁራጭ እንደ ጥንቱ ቀጥ ብሎ ወደቀ። ተከታዩም። ከቆራጮቹ አንዱ “ይሄው ሚዛናችን!” ብሎ ጮኸ፤ ባለፈው ሰሞን ሰላምታዋን የነፈገችው ሰው ነው። ጋሼ ፈገግ አሉ። ብርጭቋቸውንም አስቀመጡ። “ታዲያ ምንድን ነው የሚወራው? ምንም አልሆንሽም እኮ! ከሰኞ ጀምረሽ ተመለሺ።”

ይህን ቃል ነበር ወሩን ሙሉ የጠበቀችው። ግን ጋሼ ያላዩት ነገር ነበር። በሁለተኛው ቁራጭ መጨረሻ ላይ ትንሿ ጣቷ ከእጀታው ተነሥታለች፤ ከእሷም ቀጥሎ ያለችው ልትነሣ ነው። እጇ እየጠፋባት ነበር። ቀና ስትል ሚጢጢ ጣቷን እያየች አገኘቻት። ምልክቱን የሚያውቅ ሰው እሷ ብቻ ናት። ዐይን ለዐይን ተያዩ። ሚጢጢ በጣም በትንሹ ራሷን ነቀነቀች፦ አልናገርም ማለቷ ነው።

ሚዛንን ያስወሰናት ያ የራስ መነቅነቅ ነው። አሁን ጠረጴዛውን ብትወስድ፣ በየቀኑ በዚያች ልጅ ዝምታ ላይ ቆማ ልትቆርጥ ነው። ልጅቱ አንድ ጊዜ የሸጠችባትን ምስጢር መልሳ ልታስይዛት ነው። በየማለዳው የሚጢጢን ፊት እያየች፣ ዛሬስ ትናገር ይሆን እያለች።

ቢላዋውን ጣውላው ላይ አስተኛችው።

“ጋሼ፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል” አለች፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። “ከጀመረኝ ቆይቷል። እኔው ልነግርዎት ይገባ ነበር፤ አሁን ነገርኩዎት። ከእንግዲህ ይህንን ስለ እኔ ለማንም መንገር የሚችል ሰው የለም።”

ሚጢጢ፣ “እታለም፣ በእናትሽ...” ብላ ክንዷን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ሚዛን ክንዷን አልነጠቀችም፤ ግን እንዳልተያዘች ሆና አለፈች። መንገዱን ተሻግራ ወደ ማሸጊያ ቤቱ ገባች።

ያ ከሆነ እነሆ ዓመት ሊሞላው ነው። ሚጢጢ ቱና ትቆርጣለች፤ ጥሩ አድርጋ ነው የምትቆርጠው፤ ሚዛንም ይህን አትክድም። በመንገድ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ከሰላምታው አልፎ ግን አንድ ቃል አይለዋወጡም። ባልየው፣ “እስከ መቼ?” ሲላት፣ “እጄ እስኪሰማኝ” ትለዋለች፤ እሱም ከዚያ በላይ አይጠይቃትም። ሚዛን አሁንም ላስቲክ ትጠቀልላለች፣ በረዶ ትሞላለች፣ ሳጥን ታሽጋለች። በማሸጊያ ቤቱ በወር የምታገኘው፣ በቱናው ጠረጴዛ ታገኝ ከነበረው ከግማሽ ጥቂት ከፍ ይላል።